ከእርግዝና እስከ አራስነት ቤተሰብን መደገፍ፣ ስራው እንዴት ነው የሚሰራው

የወሊድ ደጋፊነትን ስራ መጀመር የሚፈልግ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ምጥ ነው፣ ወገብ እንዴት እንደሚታሽ፣ ስለ አተነፋፈስ፣ ምጥ ላይ ስለሚቀመጡበት ትልቅ ኳስ ምናምን። እሱም ይመጣል፣ ግን እናንተ በጣም የምትጠቅሙት ሌላ ሰው በሌለበት ሰአት ነው። ምጥ ጀምሮ ገና ሳይፋፋም ቤት ውስጥ የሚጠበቅበት ሌሊት አለ፣ ደሞ ልጁ ተወልዶ ጠያቂው መጥቶ አቅፎ ፎቶ ተነስቶ ከሄደ በኋላ ያሉት ሳምንታት አሉ። ሀኪም ቤት ውስጥ ባለሙያ አለ፣ እነዚህ ሁለቱ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ ብቻውን ነው የሚቀረው። ስለዚ ሰአታችሁን ስታከፋፍሉ ሁሉንም ለወሊዱ ቀን አትስጡት፣ እኔ ብሆን ግማሹን ለአራስነቱ ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ስራው ምን እንዳልሆነ

የወሊድ ደጋፊ የህክምና ባለሙያ አይደለችም። ደም ግፊት አትለኩም፣ የማህፀን በር ስንት ሴንቲ እንደተከፈተ አታዩም፣ የፅንሱን የልብ ምት አታዳምጡም፣ መድሃኒት አታዙም፣ የታዘዘውንም "አትውሰጂው" አትሉም። ከዚህ በፊት ነርስ ወይም ሚድዋይፍ ሆናችሁ የሰራችሁ ካላችሁ ይሄ ይከብዳችኋል፣ እጃችሁ ይበላችኋል፣ ግን በደጋፊነት ከገባችሁ በደጋፊነት ነው። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ህክምናው ውስጥ እጃችሁን ካስገባችሁ ሚድዋይፏ አታምናችሁም፣ ቤተሰቡም ሁለት የተለያየ ነገር እየሰማ ግራ ይጋባል።

"እና ምን ልሰራ ነው ታዲያ" ለሚል፣ አብሮ መሆኑ ራሱ ስራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን (የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም አለም አቀፍ ድርጅት ነው) ግምገማ ከ17 ሀገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን አይቶ ያገኘው፣ በምጥ ጊዜ ሳይቋረጥ አብሯቸው የሚቆይ ሰው ያላቸው ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ እድላቸው ከፍ ይላል፣ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፣ ምጡም ትንሽ ያጥራል፣ ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ስሜት ይዘው የሚቀሩትም ያንሳሉ። የአለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው ላይ ወላዷ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ይላል። ልብ በሉ፣ ራሷ የመረጠችው ነው የሚለው፣ እናቷ የመረጠችላት ወይ ባሏ የቀጠረላት አይደለም። ስልክ የደወለው ባል ከሆነ ከሷ ጋር ለብቻ ሳታወሩ እሺ አትበሉ።

የመጀመሪያው ቀጠሮና ውሉ

መጀመሪያ ስትገናኙ ትንሽ አውሩ ብዙ ስሙ። የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፣ ከዚህ በፊት ወልደሽ ታውቂያለሽ? እንዴት ነበር? በጣም የሚያስፈራሽ ምንድነው? ስትታመሚ ሰው ሲነካሽ ደስ ይልሻል ወይስ ራቁልኝ ትያለሽ? ይሄ የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል፣ ምጥ ላይ ሰው የራሱ ፀባይ ነው የሚወጣው፣ ብቻዋን መሆን የምትወድን ሴት ስታሹ ብትውሉ ማሰቃየት ነው። ፅንስ ጠፍቶባት ወይ ከዚህ በፊት በወሊድ ተጎድታ እንደሆነም ጠይቁ፣ ካልፈለገች አትጫኑ፣ በሩን ግን ክፈቱላት።

ውል በፅሁፍ ይሁን፣ ከጓደኛም ከዘመድም ጋር ቢሆን። ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ስልካችሁ ቀን ከሌሊት ክፍት እንደሚሆን (የተለመደው ከ38 እስከ 42 ነው)፣ ስንት ጊዜ ከመውለዷ በፊት ስንት ጊዜ ከወለደች በኋላ እንደምትመጡ፣ እናንተ ብትታመሙ ማን እንደሚተካችሁ፣ ድንገት በኦፕራሲዮን ብትወልድ ወይ እናንተ ሳትደርሱ ብትወልድ ክፍያው ምን እንደሚሆን፣ ምስጢር መጠበቃችሁ፣ ፎቶ አለማውጣታችሁ። ተተኪዋን ደሞ በስም ብቻ ሳይሆን አስቀድማችሁ አስተዋውቋቸው፣ ምጥ ላይ የማታውቀው ሰው መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ደስ አይልም። ሌላው፣ የመውለጃ ቀን ተብሎ የተነገራትን ቀን እንደ ቀጠሮ እንዳትይዙት፣ ልክ በቀኑ የሚወለዱት ከ20 ልጅ አንድ ቢሆኑ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚይዝ ሰው ይሄን የረሳ ነው።

በእርግዝናው ጊዜ

ከመውለዷ በፊት ሁለት ሶስት ጊዜ በደንብ መገናኘት ይበቃል። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ 8 የክትትል ቀጠሮ ይኑር፣ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት ይሁን ይላል፣ የናንተ ድርሻ ክትትሉን መተካት ሳይሆን አለመቅረቷን ማረጋገጥና ለሀኪሙ የምትጠይቀውን አብሮ መፃፍ ነው። ብዙ ሴት ጥያቄ ይዛ ገብታ ባዶ እጇን ትወጣለች፣ ስልኳ ላይ ሶስት መስመር ፅፋ ብትገባ ሌላ ነገር ነው።

የአደጋ ምልክቶቹን ለሷም አብሯት ለሚኖረውም ሰው ንገሩ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ። ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ አይን ብዥ ማለት ወይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ማየት፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን በታች የላይኛው ሆድ ላይ ከባድ ህመም፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውሃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከነዚህ አንዱን ነግራችሁ ስትደውል መልሳችሁ አንድ ነው፣ "አሁኑኑ ሂጂ"። "እስቲ ትንሽ አረፍ በይና እንየው" የሚለውን ከአፋችሁ አውጡት፣ በተለይ የልጁ እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ ካለች ጣፋጭ ጠጪና ጠብቂ ምናምን የለም።

የወሊድ እቅዷ ከአንድ ገፅ አይብለጥ፣ ተረኛዋ ሚድዋይፍ አራት ገፅ አታነብም። ከእቅዱ በላይ የሚጠቅማት ውሳኔ ሲመጣ መጠየቅ መልመዷ ነው፣ ይሄ ለምን ያስፈልገኛል? ጉዳቱስ? ሌላ አማራጭ አለ? ለአንድ ሰአት ብንጠብቅ ምን ይሆናል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከባሏ ጋር አለማምዷቸው፣ ምክንያቱም ምጥ ላይ የሚጠይቀው እሱ ነው። ወገብ አያያዙንም ያኔውኑ አሳዩት፣ እጁ ይልመድ።

ከዛ ደሞ ማንም የማያወጣው እቅድ አለ፣ የአራስነቱ። ማታ ማን ይነሳል? ምግቡን ማን ይሰራል? ጠያቂ ከስንት ሰአት እስከ ስንት ሰአት? ትልቁን ልጅ ማን ትምህርት ቤት ያደርሰዋል? አማቷና እናቷ አንድ ቤት ውስጥ ካልተስማሙ ማን ነው መሀል የሚገባው? ይሄ ውይይት አንዳንዴ ጭቅጭቅ ያስነሳል፣ ይነሳ፣ በ34ኛው ሳምንት መጨቃጨቅ እንቅልፍ አጥተው ከሚጨቃጨቁት ይሻላል።

ምጡ

መጀመሪያ ላይ ስትደውል ተሯሩጣችሁ አትሂዱ፣ ስልክ ላይ አውሯት፣ ቁርጠቱ ሲመጣ ማውራት ከቻለች ገና ነው። ትብላ፣ ትጠጣ፣ ትተኛ፣ ሌሊት ከሆነ መብራት ይጥፋ። በጣም የሚያደክመው ምጡ ሳይሆን በጉጉት ሲቆጥሩ ማደር ነው። ጤነኛ እርግዝና ላለባትና የመጀመሪያ ልጇ ለሆነች ብዙ ቦታ የሚባለው ቁርጠቱ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ አንድ ደቂቃ እየቆየ አንድ ሰአት ሙሉ ከቀጠለ ትሂድ ነው፣ ግን ሚድዋይፏ ሌላ ካለቻት የሚሰራው የሚድዋይፏ ነው። ከዚህ በፊት የወለደች ቶሎ ትሂድ። ውሃው አረንጓዴ ወይ ቡናማ ከሆነ፣ ደም ካለው፣ ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ ወይ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ደሞ ደቂቃ መቁጠር የለም።

ሀኪም ቤት ደርሳ "ገና 3 ሴንቲ ነሽ" ስትባል ልቧ ይሰበራል። ያኔ ንገሯት፣ የተፋፋመው ምጥ የሚጀምረው ከ5 ሴንቲ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ረጅም ቢሆን ከሷ ድክመት አይደለም።

አሁን ወደ እጅ ስራው። የወገብ ህመም ከባሰ ከእጅ አንጓችሁ አጠገብ ባለው የመዳፋችሁ ጠንካራ ክፍል የወገቧን ታችኛ አጥንት ጠንከር አድርጋችሁ ግፉ፣ ቁርጠቱ እስኪያልፍ አትልቀቁ፣ ወይም ከኋላዋ ሆናችሁ ሁለቱን ዳሌዋን በሁለት መዳፍ ወደ መሀል ጭመቁ። ብዙ ጀማሪ በጣም አለስልሶ ነው የሚነካው፣ እሷን ጠይቁ፣ አብዛኞቹ "በርታ አድርጊው" ነው የሚሉት። በጉልበትና በእጅ መንበርከክ ወገብ ያሳርፋል፣ ሞቅ ያለ ሻወር ብዙ ያግዛል፣ በጀርባ ቀጥ ብሎ መተኛት ግን ህመሙንም ያባብሳል ደም ዝውውሩንም ያስቸግራል። በየሰአት ተኩል ምናምን ሽንት ቤት ውሰዷት፣ የሞላ ፊኛ ለልጁ መውረጃ አይመችም፣ እሷ ደሞ አታስታውሰውም። አተነፋፈስ ላይ አትራቀቁ፣ ወደ ውጪ የሚወጣው ትንፋሽ ረዘም ይበል፣ መንጋጋዋና ትከሻዋ ይላላ፣ በቃ። የምትሰማው ከሆነ አብራችሁ ተንፍሱ።

ወደ መጨረሻው፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ባለው ላይ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስመልሳለች፣ "አልቻልኩም ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ትላለች። ባልየው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። አስቀድማችሁ ነግራችሁት ከሆነ ግን "አሃ ደረሰች ማለት ነው" ይላል። እናንተ ያኔ አታውሩ ብዙ፣ አይን ለአይን፣ አጭር ቃል፣ "ይቺን ብቻ"፣ ከዛ ደሞ "ይቺን ብቻ"። ባሏ እጇን ይዞ ከሆነ እናንተ እግር ስር ቁሙ፣ ቦታውን አትውሰዱበት። ጎበዝ ደጋፊ ማለት በኋላ ሲያወሩት "ባሌ እንዲህ አደረገልኝ" የምታስብል ናት ብዬ ነው የማምነው።

ከባለሙያዎቹ ጋር ስላለው ነገር። እሷን ወክላችሁ አትከራከሩ፣ ድምፅዋ ግን እንዲሰማ አድርጉ። ሀኪሙ አንድ ነገር ሊያደርግ ሲል እናንተ ወደ እሷ ዞራችሁ "እሱ እንዲህ ሊያደርግ ነው፣ ጥያቄ አለሽ?" በሉ፣ እሱም ይሰማል፣ ይቆማል፣ ፀብም የለም። ድንገተኛ ሁኔታ ሲሆን ደሞ ከመንገድ ውጡ፣ እጇን መያዝ ከቻላችሁ ያዙ ካልቻላችሁ ግድግዳው ጋ ተለጠፉ።

ኤፒዱራል (በጀርባ የሚሰጥ የምጥ ህመም ማደንዘዣ) ከወሰደች ስራችሁ አላለቀም፣ እንደውም ሰው ሁሉ "አረፈች" ብሎ የሚሄደው ያኔ ነው፣ ጎኗን በየጊዜው አገላብጡ፣ በእግሮቿ መሀል ትራስ ወይ ረዘም ያለው ኳስ ይግባ፣ አስተኟት። በኦፕራሲዮን ከሆነ ደሞ ምን እንደምትሰማ ቀድማችሁ ንገሯት፣ መጎተት ይሰማታል ህመም ግን ሊሰማት አይገባም፣ ከተሰማት ትናገር። ኦፕራሲዮን ሆኖ "ከሸፈ" የሚል ቃል ከናንተ አይውጣ፣ ከሷም ከወጣ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

የመጀመሪያው ሰአት

ልጁ ደህና ከሆነ እትብቱ ከ1 ደቂቃ በፊት ባይቆረጥ፣ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ቢቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሰአት ጡት ቢጀምር፣ ገላው ደሞ እስከ 24 ሰአት ባይታጠብ ጥሩ ነው፣ ይሄ የአለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። እናንተ ያኔ የምትሰሩት ስራ ክፍሉን ፀጥ ማድረግ ነው፣ ስልክ የሚደዋወለውን፣ ቪዲዮ ኮል የሚከፍተውን ትንሽ ቆይ ማለት።

ከዛ በኋላ፣ ዋናው

እቤት ስትገቡ ልጁ ጋ አትሩጡ፣ መጀመሪያ እሷን "አንቺስ እንዴት አደርሽ" በሉ። ሁሉም ሰው ልጁን ነው የሚጠይቀው። ከዛ እጃችሁን ታጠቡና ልጁን ተቀብላችሁ ቁጭ አትበሉ እሷ እቃ እያጠበች፣ እቃውን እናንተ እጠቡ፣ እሷ ከልጇ ጋር ትሁን ወይ ሁለት ሶስት ሰአት ትተኛ። በአራስ ቤት እንቅልፍ መድሃኒት ነው፣ ማጋነን አይደለም።

ጡት ላይ ብዙ እንባ አለ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ትንሽ መሆኑ ልክ ነው፣ የልጁም ሆድ ትንሽ ነው። ወተቱ በ2ኛውና በ5ኛው ቀን መሀል ይመጣል። በ24 ሰአት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው፣ "አሁን ጠብቶ አሁን ደሞ ራበው፣ ወተቴ አይበቃውም" ስትል ዳይፐሩን እዩ፣ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዛ በላይ በሽንት የረጠበ፣ ካካውም ከጥቁር ወደ ቢጫ የተቀየረ ከሆነ እየገባለት ነው። ክብደት መጀመሪያ ላይ ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፣ ከ10 ፐርሰንት ካለፈ ወይ በሁለት ሳምንት ወደ ተወለደበት ካልተመለሰ ሀኪም ይየው። አያያዙ ላይ አፉ ሰፋ ብሎ ይከፈት፣ አገጩ ጡቷን ይንካ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ይያዝ። የመጀመሪያ ጥቂት ሰከንድ ህመም ሊኖር ይችላል፣ እስከ መጨረሻው የሚያም ወይ ጫፉ ተጨፍልቆ የሚወጣ ከሆነ ግን አያያዙ ልክ አይደለም፣ "ትለምጂዋለሽ" ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። በፎርሙላ ለማጥባት ከወሰነች ደሞ እንዴት ንፁህ አድርጋ እንደምታዘጋጅ አሳዩ እንጂ ፊታችሁን አታጥቁሩ።

ልጁ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ለብቻው መኝታ፣ ያለ ትራስ ያለ አሻንጉሊት ይተኛ። የማይጠባ፣ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ 37.5 እና ከዛ በላይ የሚያተኩስ ወይ ከ35.5 በታች የቀዘቀዘ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ በተወለደ በ24 ሰአት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ ወዲያው ወደ ህክምና።

እሷስ? በአንድ ሰአት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ ትላልቅ የረጋ ደም፣ 38 የደረሰ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ አንድ ባት ብቻ ማበጥና ማመም፣ የደረት ህመም፣ የትንፋሽ ማጠር። ራስ ምታቱንና የአይን ብዥታውን ደሞ አትርሱት፣ የደም ግፊቱ ችግር ከወለደችም በኋላ እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል፣ በእርግዝናዋ ግፊቷ ደህና የነበረ ብትሆንም። ክትትሉም በ48 እና 72 ሰአት መሀል፣ በ7 እና 14 ቀን መሀል፣ በ6ኛው ሳምንት ይመከራል፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ያዙላት።

አሁን ስለ ስሜቷ። በ3ኛው ቀን አካባቢ ያለምክንያት ማልቀስ፣ መነጫነጭ አብዛኛዋ እናት ላይ አለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ወይ እየባሰ ከሄደ፣ ልጁ ተኝቶ እንኳን መተኛት ካቃታት፣ ምንም ነገር ደስታ ካልሰጣት፣ "እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር" ካለች ያ ድባቴ ሊሆን ይችላል። እናንተ አትመረምሩም፣ ግን ጠይቁ፣ በቀጥታ፣ "ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?"። መጠየቅ ሀሳቡን አይከትባትም፣ ብዙዎቹ እስኪጠየቁ ነው የሚጠብቁት። አዎ ካለች ብቻዋን ትታችሁ አትሂዱ፣ እዛው ሆናችሁ ደውሉ። ለማጣራት በብዙ ሀገር የሚሰራበት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው 10 ጥያቄ ያለው የኤድንብራ መጠይቅ አለ፣ ጤና ጣቢያዋ ካለው እንዲሞሉላት ጠይቁ። ሌላ በጣም ለየት ያለው ደሞ እንቅልፍ ሳትተኛ የማይደክማት፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ስለ ልጁ እንግዳ የሆነ ነገር የምታምን ከሆነች ነው፣ ከ1,000 አንድ ወይ ሁለት እናት ላይ ይከሰታል፣ ያ ድንገተኛ ነው፣ እሷንና ልጁን ለብቻቸው አትተዉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ባልየውንም ቢሆን እዩት፣ አባቶችም ድባቴ ይይዛቸዋል፣ እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ በቁጣ ወይ ከቤት በመጥፋት ነው የሚወጣው።

ልጅ በሞት ከጠፋ

ይሄንን ስራ ስትሰሩ ይመጣል። "ሌላ ትወልጃለሽ" አትበሉ፣ "ለበጎ ነው" አትበሉ። ስም ካወጡለት በስሙ ጥሩት፣ ማቀፍ ከፈለጉ ጊዜ ይሰጣቸው፣ ፎቶ ወይ የእጅ አሻራ ይፈልጉ እንደሆነ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፣ አሁን ባይፈልጉ እንኳን ተቀምጦ እንዲቆያቸው። ብዙ ሰው የማይነግራት ነገር አለ፣ ወተቷ መምጣቱ አይቀርም። ባዶ ቤት ውስጥ ድንገት ጡቷ ሲሞላ የሚሰማትን አስቡት፣ ስለዚ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣና ቀዝቃዛ ነገር እንደሚያሳርፍ፣ ሌላ አማራጭ ካለ ሀኪሟን እንድትጠይቅ። የቀራችሁን ቀጠሮም አትሰርዙ፣ አራስ ናት፣ ሰውነቷ ወልዷል።

ስለ ራሳችሁ ትንሽ

ከረጅም ምጥ በኋላ መኪና እየነዳችሁ አትመለሱ፣ ሰው ያምጣችሁ። ከባድ ወሊድ ካያችሁ የምታወሩት የሙያ ጓደኛ ይኑራችሁ፣ ምስጢሩን ሳታወጡ። ማስታወሻ ያዙ፣ መቼ ሄዳችሁ፣ ምን ተነገራችሁ፣ ወደ ህክምና ሂጂ ያላችሁበት ሰአት ስንት ነው፣ በኋላ ጥያቄ ሲነሳ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የመጨረሻውን ቀጠሮ ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ አድርጉት፣ ስትወጡም ለጡት ማን ጋ፣ ለስሜቷ ማን ጋ፣ ለልጁ ማን ጋ እንደምትደውል ስልኩን ፅፋችሁ ስጧት። ከዛም በኋላ የሚደውሉ አሉ፣ አንድ ሁለቴ መመለስ ምንም አይደል፣ ደስም ይላል፣ በየማታው ከሆነ ግን ወይ አዲስ ውል ተዋዋሉ ወይ ወደ ሌላ ባለሙያ ላኳት፣ እንደዚህ እንደሚሆን ደሞ መጀመሪያ ስትፈራረሙ ፅፋችሁት ከሆነ ማንም አይቀየምም።